አካውንቲንግ የተማረ ሞልቷል?

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ዲፓርትመንት ልትመርጥ ነው። ባለፈው እሑድ ቡና እየተፈላ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠችና «ጋሼ፣ አካውንቲንግ ልሙላ ወይስ ይቅርብኝ?» አለችኝ።

አፌን ሳልከፍት ቤቱ መለሰላት። አንዱ «የተማረ ሞልቷል፣ ሥራ የለም» አላት። ሌላው «ሂሳብ የሌለው መሥሪያ ቤት የለም፤ ምንም ቢሆን ሥራ አይጠፋበትም» አላት። ሦስተኛው ስልኩን ከፍ አድርጎ «ከአሁን በኋላ ይሄ ራሱ ይሠራዋል፣ ምን ያደክማታል?» አለ።

እኔ በዚህ ሙያ 14 ዓመት እንጀራ በልቻለሁ። ሦስቱንም አባባል ከተማሪነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬያለሁ። የስልኩ እንኳ አዲስ አይደለም፤ ያኔ ስልክ በሚለው ቦታ ኮምፒውተር ነበር የሚባለው። ለልጅቷ የሰጠኋትን መልስ እዚህ ልድገመው። አካውንቲንግ የተማረ ሞልቷል። የአንድ ድርጅት ሂሳብ ከሐምሌ 1 ተቀብሎ ሰኔ 30 ላይ መዝጋት የሚችል ተመራቂ ግን አልሞላም። ለዚህ ደግሞ ልጆቹን አልወቅስም። አራት ዓመት ሙሉ አንድም እውነተኛ ደረሰኝ ሳናስነካቸው የምናስመርቃቸው እኛ ነን።

የራሴን ልንገራችሁ። ጥሩ ውጤት ይዤ ነው የተመረቅኩት። የመጀመሪያ ሥራዬ ዕቃ የሚያስመጣ አንድ ድርጅት ውስጥ ነበር። በገባሁ በመጀመሪያው ቀን የፋይናንስ ኃላፊዋ አንድ ጥቁር ፌስታል ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና «የኅዳር ነው፣ አስገባው» ብላኝ ሄደች። ፌስታሉን ፈታሁት። በማሽን የተቆረጠ ደረሰኝ አለ፤ ፀሐይ ነክቶት ጽሑፉ ጠፍቷል። በእጅ የተጻፈ አለ። የድርጅቱ ስምና ቲን ቁጥር የሌለበት አለ። የዊዝሆልዲንግ ወረቀት አለ፤ ገዢ ከሻጩ ክፍያ ላይ ለግብር ቀንሶ የሚያስቀረው ገንዘብ ማስረጃ ነው። አንዱ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ፎቶ ኮፒ ሆኖ ገብቷል። አንዳንዱ ላይ ቫት አለ፣ አንዳንዱ ላይ የለም።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጆርናል (የዕለት መዝገብ) የሠራሁት በሌለ ድርጅት ስምና በዶላር ነበር። ጥያቄው «ድርጅቱ በጥሬ ገንዘብ ዕቃ ገዛ» ብሎ ይጀምራል። ገዛ ተብሏል፣ አለቀ። መግዛቱን ማን አረጋገጠ? ደረሰኙ የማን ነው? ቲን የሌለበት ደረሰኝ ቫቱ ይቀናነሳል ወይ? ያኔ ከ10,000 ብር በላይ ዕቃ ሲገዛ ተቀንሶ መቅረት የነበረበት 2 በመቶ የት ገባ? ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ያን ቀን እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ፌስታሉን እያየሁ ተቀመጥኩ። አላጋንንም፣ ላቤ ነበር የሚወርደው።

ሰው ሳልጠይቅ የሠራሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ፔሮል፣ የደመወዝ ስሌቱ ነው። ለምን? አንድ መምህራችን ያን ምዕራፍ በኛው ሕግ፣ በኛው ብር፣ በኛው ወር አስተምሮን ነበር። ጳጉሜ ለብቻዋ ደመወዝ እንደማይከፈልባት ሳይቀር አሠርቶናል። ዛሬ ቁጥሮቹ ተቀይረዋል፤ ከሐምሌ 2017 ወዲህ እስከ 2,000 ብር ያለው ደመወዝ ከግብር ነፃ ነው፣ ጡረታው ከሠራተኛው 7 ከአሠሪው 11 በመቶ ነው። ቁጥር በአንድ ቀን ይለመዳል። አሠራሩ ግን ያኔ እጄ ውስጥ ስለገባ እስካሁን አለ። የቀረው ትምህርት ሁሉ እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ፌስታሉ ባላስደነገጠኝ።

ያን ዓመት ያዳኑኝ ከጎኔ የተቀመጡ አንድ አዛውንት የሂሳብ ሹም ናቸው። ዲግሪ የላቸውም፤ የኮሜርስ ዲፕሎማ ነው ያላቸው። ኮሜርስ የምንለው በ1935 ዓ.ም. የተከፈተውን የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ነው፤ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው። የዚያ ቤት ልጆች መዝገብ ሲይዙ እጃቸው አይንቀጠቀጥም ይባላል። እሳቸውን ስላየሁ አምናለሁ።

አንድ ቀን የባንክ ሪኮንሲሌሽን፣ ማለትም የኛን መዝገብ ከባንኩ ጋር ማመሳከር፣ እየሠራሁ 270 ብር አልገናኝ አለችኝ። ሁለት ቀን ፈለግኳት። እያንዳንዱን ቼክ መልሼ አየሁ፣ የባንኩን ስቴትመንት በእርሳስ ምልክት እያደረግኩ ወረድኩ፣ የለችም። አዛውንቱ ሻይ ይዘው መጡና ወረቀቱን አዩት። «ለዘጠኝ አካፍላት» አሉኝ። አካፈልኩ። 30 ወጣች፣ ትራፊ የለም። «ተገላብጣለች፤ ሁለት አኃዝ ቦታ የተለዋወጡበትን ፈልግ» ብለው ሄዱ። ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። የ4,850 ብር ቼክ 4,580 ተብሎ ተመዝግቧል።

ነገሩ አስማት አይደለም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለዘጠኝ ይካፈላል። «ለዘጠኝ አልካፈል ካለችህ ደግሞ ለሁለት ግመሳት» አሉኝ በኋላ፤ «ግማሿን ፈልግ፣ በግራ ዴቢት መሆን ሲገባት በቀኝ ክሬዲት የገባች ትሆናለች።» እኔ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ጨርሼ ይህን የሰማሁት በዚያች የሻይ ሰዓት ነው።

ንድፈ ሐሳብ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም አሁን የበለጠ ያስፈልጋል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 ድርጅቶች ሪፖርታቸውን በዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃዎች መሠረት እንዲያዘጋጁ አስገድዷል። ጥር 2017 ላይ አክሲዮን የሚገበያዩበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀምሯል፤ ወጋገን ባንክም ለመመዝገብ የመጀመሪያው ሆኗል። አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ ድርጅት በኦዲተር የተመረመረ ሂሳብ ይዞ መቅረብ አለበት። ለውጭ ባንኮችም በሩ በሕግ ተከፍቷል። ይህን ሁሉ ሂሳብ የሚሠራው ማነው? ደረጃውን በቃሉ የሸመደደ ልጅ ብቻውን አይበቃም። መጋዘን ገብቶ ዕቃ ቆጥሮ «ይሄ ዕቃ መዝገብ ላይ ያለውን ዋጋ አያወጣም» የሚል ነው የሚፈለገው።

አሁን ግን ልጆቻችን ምን ያደርጋሉ? ከተመረቁ በኋላ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር ይቆማሉ። ማስታወቂያው «ፒችትሪ የሚችል፣ ሁለት ዓመት ልምድ ያለው» ይላል፤ ፒችትሪ የሂሳብ መያዣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። እንደገና ከፍለው የፒችትሪ አጭር ሥልጠና ይገባሉ። የትኛው ቁልፍ እንደሚነካ ይማራሉ። ለምን እንደሚነካ ግን እዚያም አይነገራቸውም። በ2015 የተጀመረው የመውጫ ፈተናም ይህን አልፈታውም። ከምርጫ መልስ የመምረጥ ፈተና ነው፤ ፌስታል አያስፈታም። ጎበዞቹ ደግሞ ኤሲሲኤ የሚባለውን የእንግሊዝ የሂሳብ ሙያ ፈተና ይጀምራሉ። ክፍያው በፓውንድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ስንቱ ልጅ መሐል ላይ አቋርጦ ቀረ፤ በዙሪያዬ ያሉትን እንኳ ቆጥሬ አልጨርስም። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ከነዚያ ልጆች አንዳንዶቹ እኔ ካየኋቸው ሁሉ ብሩሆች ነበሩ።

ከእውቀቱ በላይ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር አለ። መርካቶ ገብቶ ዕቃ የገዛ ሁሉ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ተብሎ ተጠይቋል። ዋጋው ሁለት ነው። ዋጋው ሁለት ከሆነ ደግሞ መዝገቡም ሁለት ይሆናል። አንዱ ለግብር፣ አንዱ ለባንክ ብድር። ለግብሩ ኪሳራ፣ ለባንኩ ትርፍ። አምና ጥቅምት መጨረሻ፣ የግብር ማሳወቂያው ጊዜ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት፣ በማታ አንዲት ልጅ ደወለችልኝ። ከተመረቀች ዓመት አልሞላትም። አለቃዋ ትርፉን «አስተካክይው» ብሏታል። ማስተካከል ማለት ያልተገዛ ዕቃ ደረሰኝ ማስገባት ነው። «እምቢ ካልኩ ነገ ሥራ የለኝም» አለችኝ፤ ድምጿ ይሰማኛል እስካሁን።

ያቺ ልጅ የሥነ ምግባር ኮርስ ወስዳለች። ኤ ነው ያመጣችው። ግን ይህ ቀን እንደሚመጣ የነገራት የለም። በታክስ አስተዳደር አዋጁ አጭበርባሪው ብቻ ሳይሆን የተባበረውም እንደሚጠየቅ አታውቅም ነበር። «እምቢ» እንዴት እንደሚባል፣ በጽሑፍ ምን ተብሎ እንደሚቀመጥ፣ ማን ዘንድ እንደሚኬድ አታውቅም። ያን ማታ አንድ ሰዓት ያህል አወራን። ደረሰኙን አላስገባችም። ሥራውንም በወሩ ለቀቀች። ሦስት ወር ቤት ተቀምጣ ነው ሌላ ያገኘችው። ዋጋ አስከፍሏታል፤ ልጆቻችንን ወደዚህ ሙያ ስንልክ ይህንንም ልንነግራቸው ይገባል።

ለስልኩ ሰውዬም መልስ አለኝ፣ አጭር ነው። ማሽን ይደምራል፣ ይቀንሳል፣ ሪፖርት ያወጣል፤ ይሁን። ሞዴል 19፣ የዕቃ ገቢ ደረሰኙ፣ ተቆርጦ፣ ተፈርሞ፣ ዕቃው ግን መጋዘን ያልገባበትን ጉዳይ ማን ያየዋል? ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለምክር ቤት የሚያቀርበውን ሪፖርት አንብቡት። ያልተሰበሰበ ገንዘብ፣ ከደንብ ውጭ የተከፈለ ክፍያ፣ ያልተወራረደ ሂሳብ። ይሄ ሁሉ የድምር ስህተት አይደለም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። እያንዳንዱ የአካውንቲንግ ተማሪ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ የአንድ እውነተኛ ሱቅ ሂሳብ ለአንድ ዓመት ይያዝ። ሱፐርማርኬት አላልኩም። የሰፈር ሱቅ፣ ዳቦ ቤት፣ ጋራዥ፣ ፀጉር ቤት።

2009 ዓ.ም. ትዝ ይላችኋል? ሐምሌ ላይ ለግብር የሚሆን የነጋዴዎች የቀን ገቢ ግምት ወጣና ከተማው ተናወጠ። ሱቅ የዘጉ ነበሩ። «በቀን ይሄን ያህል ትሸጣለህ» ተብሎ የተገመተበት ሰው አልቅሶ አቤት ሲል አይቻለሁ። ግምቱ በዝቷል አልበዛም የሚለውን ለጊዜው እንተወው። ያ ሰው «አይ፣ የምሸጠው ይሄን ነው» ብሎ የሚዘረጋው መዝገብ አልነበረውም። ያለው የዱቤ ደብተር ብቻ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በየዩኒቨርሲቲው መዝገብ አያያዝ የሚማሩ ብዙ ሺህ ልጆች ነበሩ፤ በሌለ ድርጅት ስም ዶላር እየመዘገቡ። ሁለቱ ተያይተው አያውቁም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

መምህራን ይህን ሲሰሙ «ማን ይቆጣጠረዋል? ባለሱቁስ ደብተሩን ለማያውቀው ልጅ ይሰጣል?» ይሉኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ላይ አይሰጥም። ነጋዴ ገቢውን መናገር አይወድም፤ የሰው ዓይን ይበላል ይባላል፣ ግብርም ያስፈራል። ስለዚህ በዘመድ፣ በጎረቤት፣ በዕድር በኩል ይጀመር። የትኛው ተማሪ ነው ሱቅ ያለው አጎት ወይም አክስት የሌለው? መምህሩ በወር አንዴ መዝገቡን ይይ፣ በፈተና ፈንታ እሱን ያርም። ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። ደብተርና እርሳስ ነው።

የእህቴን ልጅ ቅዳሜ ሰፈራችን ያለ አንድ ሱቅ ይዣት ሄድኩ። ባለሱቁ የልጅነት ወዳጄ ነው። የዱቤ ደብተሩን አወጣላት። ጠርዙ በዘይት ወዝቷል፣ ገጹ በስም ተሞልቷል፤ የተከፈለበት በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። ስኳር፣ ፓስታ፣ ሳሙና፣ እንደገና ስኳር። አንገቷን ደፍታ ረጅም ሰዓት አገላበጠችው። ከዚያ ቀና አለችና «ይሄ ያልተሰረዘው፣ ሽያጭ የሚባለው ዕቃውን ሲወስዱ ነው ወይስ ሲከፍሉ?» አለችው።

«ሲከፍሉኝ ነዋ!» አለ ባለሱቁ።

«ታዲያ ዕቃው እኮ መደርደሪያው ላይ የለም» አለችው።

ወዳጄ ወደኔ ዞሮ አየኝ። በርጩማ ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ገለጠው።