የመሬት ሲኒ አንባቢዎች

የባለቤቴ ወንድም ሂዩስተን ውስጥ ፔትሮፊዚሲስት ነው። ይህን ቃል ምላሴ ሳይተሳሰር ለመጥራት ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። አዲስ አበባ ያሉት እናቱ ደግሞ ከነጭራሹ ትተውታል። ጎረቤት ሲጠይቃቸው "ነዳጅ ላይ ነው የሚሠራው" ይላሉ። ጎረቤትም ልጁ ማደያ ቆሞ ቤንዚን ሲቀዳ ይታየውና "አይ ስደት!" ብሎ ከንፈሩን ይመጣል።

ባለፈው ረቡዕ ጠዋት ደወለልኝ። "ዛሬ ምሳ ልጋብዝህ" አለኝ። ይሄ ሰው በገዛ ፈቃዱ ምሳ ጋብዞኝ አያውቅም። ጠረጠርኩ። ነገሩ ብዙም ሳይቆይ ወጣ። የማኅበራቸው የምሳ ስብሰባ አለ። አብሮት የተመዘገበው ጓደኛው ቀርቷል። የተከፈለው ደግሞ አይመለስም።

"የምን ማኅበር? የሚካኤል?" አልኩት።

"የፔትሮፊዚሲስቶች።"

"ጽዋ አላችሁ?"

"ሻይ አለ።"

መንገድ ላይ ታሪኩን አጫወተኝ። ማኅበሩ በፈረንጆቹ 1959 ኦክላሆማ፣ ተልሳ ከተማ ተመሠረተ። ያኔ ስሙ የፕሮፌሽናል ዌል ሎግ አናሊስቶች ማኅበር ነበር። በኋላ ፔትሮፊዚክስ የሚለው ቃል እየገነነ ሲመጣ ስም መቀየር ግድ ሆነ። አሁን የፔትሮፊዚሲስቶችና የዌል ሎግ አናሊስቶች ማኅበር ይባላል። ብልሃታቸውን ልብ በሉልኝ። ፕሮፌሽናልም ፔትሮፊዚሲስትም በእንግሊዝኛ በአንድ ፊደል ነው የሚጀምሩት። ስለዚህ ስሙ ተቀየረ፣ ምህፃረ ቃሉ ግን ኤስፒደብሊውኤልኤ እንዳለ ቀጠለ። እኛ ዕድራችንን "መረዳጃ" ከማለት "መረዳጃና ልማት" ወደ ማለት ለማሻገር ሁለት ሊቀመንበር አውርደናል። ማኅተሙ እስከ ዛሬ አልተቀረጸም።

ሥራቸውን በገባኝ መጠን ልንገራችሁ። ነዳጅ ፈላጊ ኩባንያ ሦስትና አራት ኪሎ ሜትር የሚወርድ ጉድጓድ ይቆፍራል። ጉድጓዱ ታች ሲደርስ ከሽሮ ድስት አፍ ብዙም አይሰፋም። ማንም ገብቶ አያየውም። ስለዚህ በረጅም ገመድ መሣሪያ ያወርዱበታል። መሣሪያው ወደ ላይ ሲጎተት የድንጋዩን ኤሌክትሪክ፣ ድምፅና ጨረር እየለካ ይመጣል። የሚገኘው ነገር የተጠማዘዘ መስመር ነው። ረጅም ወረቀት ላይ ወደ ታች የሚወርድ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ የሚንገዳገድ፣ ከሠርግ ቤት የሚመለስ ሰው የመሰለ መስመር። ሎግ የሚባለው እሱ ነው። ይህን መስመር አይቶ "እዚህ ጋ ዘይት አለ፣ እዚህ ጋ ውሃ ነው" የሚለው ሰው የባለቤቴ ወንድም ነው።

እኔ በሆዴ "አሃ! ሲኒ አንባቢ" አልኩ። ግን ገና ምሳ ስላልበላሁ ዝም አልኩ።

የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ሎግ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1927፣ ፈረንሳይ አልሳስ ውስጥ ፔሸልብሮን በተባለ ቦታ ተለካ። ሐሳቡ የኮንራድና የማርሴል ሽሉምበርዤ ነው። ወንድማማቾች ናቸው። ጉድጓዱ ዳር ቆሞ በየሜትሩ መሣሪያውን እያቆመ፣ እየለካ፣ መስመሩን በእጅ ያሰመረው ግን ዶል ነው። ዶል ማነው? የኮንራድ አማች። ከዓለም የነዳጅ ኢንዱስትሪ ትልልቅ ግኝቶች አንዱ የተገኘው አማች ለሥራ ተልኮ ነው። እኔም አሁን የሰው ወንበር እንዳይባክን እየተጎተትኩ የምሄድ አማች ነኝና ሰውየውን ሳላውቀው ወደድኩት።

ደረስን። በር ላይ ስም የተጻፈበት ካርድ ደረት ላይ ይለጠፋል። የእኔ ካርድ ላይ የቀረው ሰውዬ ስም ነው ያለው። ፈረንጆቹ እየመጡ "ያለፈው ጽሑፍህን ወድጄዋለሁ" ይሉኛል። አመሰግናለሁ። ምን ልበል!

ካርዶቹን እያየሁ አንድ ነገር ገረመኝ። ግማሹ ሰው "ኮንሰልታንት" ነው። የባለቤቴን ወንድም "ስንት አማካሪ ነው ያላችሁ!" አልኩት። ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ "ሥራ የለቀቀ፣ ማለት ሥራው የለቀቀው ሰው ነው" አለኝ። የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ በመጀመሪያ ወጪ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። በፈረንጆቹ ኤፕሪል 20 ቀን 2020 የአሜሪካ ድፍድፍ ነዳጅ ከዜሮ በታች ወርዶ በርሜሉ 37 ዶላር ዕዳ ሆኖ ነበር። ሻጩ ለገዢው የሚከፍልበት ገበያ! መርካቶ ይህን ብትሰማ በሳቅ ትሞታለች። እነዚህ ሰዎች ግን አልሳቁም። ካርድ አሳተሙ።

ምሳው ዶሮ ነው። ቀኑ ረቡዕ። የጾም አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አስተናጋጁ ተጨንቆ ሰላጣ አመጣልኝ፤ ሰላጣው ላይ አይብ አለ። አይቡን እየለቀምኩ ለባለቤቴ ወንድም ሰጠሁት። እሱ ዶሮውንም አይቡንም "እኔ መንገደኛ ነኝ" እያለ በላ። ሂዩስተን ከገባ አሥራ አራት ዓመቱ ነው።

ጠረጴዛችን ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። አንዱ የቁፋሮ ሰው ነበር፣ አንዱ የሎግ። ወሬያቸው ሁሉ ስለ ጥልቀት ነው። ለካ አንድ ጉድጓድ ሁለት ጥልቀት አለው! ቆፋሪው ያስገባውን ቧንቧ እየደመረ ይለካል። ሎገሩ የለቀቀውን ገመድ ይለካል። ገመዱ በክብደቱ ይለጠጣል፣ ቧንቧውም ይለጠጣል። ሁለቱ ቁጥሮች ተገጣጥመው አያውቁም። በዚያ ላይ ዜሮው የሚጀምረው ከመሬት አይደለም፤ መቆፈሪያው ማማ ላይ ካለው ወለል ነው። እኛ አገር ገጠር መንገድ ስትጠይቁ "እቺው ናት፣ ከዚች ጉብታ ወዲያ" ተብላችሁ ግማሽ ቀን የሄዳችሁ ሰዎች ይገባችኋል። ሽማግሌዎቹ ከሠላሳ ዓመት በፊት ስለተቆፈረ አንድ ጉድጓድ፣ ስለ አንድ ሜትር ተኩል ልዩነት፣ ጉንጫቸው እስኪቀላ ተከራከሩ። ጉድጓዱ ደግሞ ውሃ ነው የወጣው።

ቀስ ብዬ ሳያቸው ደስታቸው ገባኝ። የባለቤቴ ወንድም ቤት ውስጥ ስለ ሥራው አንድ ዓረፍተ ነገር ከጀመረ ሚስቱ ስልኳን ታነሳለች። ልጆቹ ይበተናሉ። እኔ ራሴ ስንቴ "ይሄን ነገር ለሌላ ጊዜ" ብዬዋለሁ! እዚህ ግን ስለ ኒውትሮን ቀልድ ተናግሮ አሥር ሰው ሳቀለት። ሰው እንዲህ ሲስቅለት አይቼው አላውቅም። ዕንባ ሊመጣኝ ነበር፤ ሰላጣው ላይ ሽንኩርትም ነበር።

ከዚያ የዕለቱ ተናጋሪ ተነሳ። ማኅበሩ በየዓመቱ የታወቁ ተናጋሪዎችን እየመረጠ ወደየቅርንጫፉ ይልካል፤ ልክ እንደ እንግዳ ሰባኪ። ርዕሱ ሸክላ የተቀላቀለበት አሸዋ ድንጋይ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ዘይት አያሳልፍም። በፈረንጆቹ 1942 የሼል ነዳጅ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው አርቺ ከዚህ ተነስቶ ድንጋይ ውስጥ ካለው ቀዳዳ ስንት እጁ ውሃ እንደሆነ የሚነግር ቀመር አወጣ። ፔትሮፊዚክስ የሚለውን ስምም በ1950 ያወጣው እሱ ነው። የክርስትና አባታቸው በሉት። ቀመሩ ለንጹሕ አሸዋ አንደኛ ነው። መሬት ግን ንጹሕ ሆና አታውቅም። ሸክላ ይገባበታል፤ ሸክላ ራሱ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ሒሳቡ ይበላሻል።

እንግዲህ የማኅበሩ እንጀራ እዚህ ጋ ተጋገረ። ሲማንዱ በ1963 የራሱን ማስተካከያ አመጣ። ዋክስማንና ስሚትስ በ1968 የራሳቸውን አመጡ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ነገሩ የበርበሬ ድለዛ ነው። ሁሉም የእናቱ ልክ ናት ይላል፤ የሌላውን ቀምሶ "ምን ጎደለው መሰለህ" ይላል። የዕለቱ ተናጋሪ አንድ ተጨማሪ ድለዛ ይዞ መጥቷል። ጭብጨባው እንዳለቀ አንዱ እጁን አወጣና "ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው" አለ። በየትኛውም አገር፣ በየትኛውም ቋንቋ፣ ይህን ከሰማችሁ ቡና አስመጡ።

መጨረሻ ላይ አንድ ወጣት ተነሳ። ማኅበሩ ውስጥ በዳታ የሚሠራ ቡድን አለ፤ ኮምፒውተር ሎግ እንዲያነብ የሚወዳደሩበት ውድድርም ያዘጋጃል። ልጁ "ማሽኑ በአንድ ሌሊት አንድ ሺህ ጉድጓድ ያነባል" አለ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ጉንጩ ቀልቶ የነበረው የሎጉ ሽማግሌ ሹካውን አስቀመጠና "የማንን ጥልቀት ይዞ?" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ካርዱን አየሁት፤ ኮንሰልታንት ነው።

ሎግ ካነበቡ በኋላ እውነቱን የሚያውቁበት መንገድም አላቸው። ኮር ይባላል፤ ድንጋዩን ራሱን ቆርጦ ማውጣት ነው። ግን ውድ ነው፣ ጊዜም ይበላል፣ ስለዚህ ለብዙ ጉድጓድ አይቆረጥም። ባይቆረጥ የሚጠሉ አይመስለኝም። ሲኒ አንባቢስ ብትሆን "ያልሽው ልጅ መጣ ወይ?" ብሎ ተመልሶ የሚጠይቃትን ደንበኛ መቼ ትወዳለች?

ስንመለስ መኪና ውስጥ እናቱ ደወሉ። አዲስ አበባ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። እሱ እየነዳ ስለነበር ስልኩን እኔ አነሳሁ።

"የት ናችሁ?" አሉኝ።

"ማኅበሩ ጋ ወስዶኝ ነው እማማ። ዛሬ ሥራው ምን እንደሆነ ገባኝ።"

"እሰይ! እስቲ ንገረኝ፣ እሱ ሲነግረኝ ራሴን ያመኛል።"

"ሲኒ የሚያነቡ ሴቶች አሉ አይደል?"

"እኔ አስነብቤ አላውቅም!"

"አውቃለሁ እማማ፤ ለምሳሌ ነው። እሱ የመሬትን ሲኒ ነው የሚያነበው። መስመሩን ያይና እዚህ ጋ ዘይት አለ፣ እዚህ ጋ ውሃ አለ ይላል።"

ዝም አሉ። ቴሌቪዥናቸው ሲያወራ ይሰማኛል።

"ያለው ይደርሳል?" አሉኝ።

የባለቤቴ ወንድም መሪውን ጨብጦ ፊት ለፊቱን ያያል።

"አንዳንዴ" አልኳቸው።

"ድምፁን ከፍ አድርግልኝና ልጄ ይስማኝ።"

ከፍ አደረግሁ።

"ስማ፣ ይሄ ሰው የነገረኝን ለንስሐ አባታችን አልናገርም" አሉት። "ለጎረቤት ማደያ ነው ብያለሁ፣ ማደያ ነው። አንተም ሰው ከጠየቀህ ማደያ በል።"