ጄይ፦ የወፏ ስም እንዴት የእግረኛ ጥፋት ሆነ?

አሜሪካ ውስጥ ባልተፈቀደ ቦታ ወይም በቀይ መብራት መንገድ የሚሻገር እግረኛ «ጄይዎከር» ይባላል። ብዙ ሰው ስሙ «ጄ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል የመጣ፣ ጠምዝዞ መሻገርን የሚገልጽ ይመስለዋል። አይደለም። ጄይ ወፍ ናት፤ የቁራ ዘመድ፣ በጩኸቷ የምትታወቅ። ስሟ ኋላ ላይ ከገጠር መጥቶ ከተማ ግራ ላጋባው ሰው መስደቢያ ሆነ። የአዲስ አበባ ልጅ «ፋራ» እንደሚለው ማለት ነው።

ስድቡ መጀመሪያ የተለጠፈው ደግሞ በሹፌር ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 አካባቢ የካንሳስ ጋዜጦች መስመሩን ስቶ የሚነዳውን «ጄይ ድራይቨር» ይሉት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ወደ እግረኛው ዞረ፤ ካንሳስ ሲቲም እንዲህ ያለውን አሻጋገር በ1912 ደንብ አውጥታ ከለከለች። በ1923 የሲንሲናቲ ነዋሪዎች መኪና በሰዓት ከ25 ማይል እንዳያልፍ ፍጥነት መገደቢያ ይገጠምለት ብለው ከ40 ሺህ በላይ ፊርማ አሰባሰቡ። የመኪና ሻጮች ተባብረው ዘመቱበትና በድምፅ ወደቀ። ሎስ አንጀለስ በ1925 ያወጣችው፣ እግረኛውን የሚገድብ የትራፊክ ደንብ ለሌሎች ከተሞች አርአያ ሆነ። መንገዱ የሁሉም በነበረበት ዘመን እግረኛውን ከአስፋልቱ ለማስወጣት «ፋራ» ብሎ ማሳፈር ከቅጣት በላይ ሠርቷል ባይ ነኝ።

ዛሬ ነገሩ እየላላ ነው። በቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ ፖሊስ በዚህ ምክንያት ብቻ እግረኛን ማስቆም አይችልም፤ በካሊፎርኒያም ከ2023 ወዲህ የመጋጨት አደጋ ካላስከተለ በቀር ቅጣት የለም። የእኛ ሰው እዚህ ላይ ይዘናጋል። ቅጣቱ ቀረ ማለት ኃላፊነቱ ቀረ ማለት አይደለም። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የካሳ ሕግ፣ መኪና የገጨው እግረኛ ለአደጋው ጥቂት እንኳ አስተዋጽኦ ካደረገ ካሳውን በሙሉ ሊያጣ ይችላል። አሌክሳንድሪያ ወይም ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር፣ ከትኬቱ ይልቅ የሚከብደው የሆስፒታሉ ሂሳብ ነው።

በመብራት ላይ የሚበዛው ስህተት ይኸው ነው፦ ነጩ ሰው ሲበራ መሻገር ይጀመራል፤ ብርቱካናማው እጅ ብልጭ ድርግም ሲል ግን በአብዛኞቹ ግዛቶች የጀመረ ይጨርሳል እንጂ አዲስ ሰው አይገባም። በእነዚህ ግዛቶች ከጎኑ የሚቆጥረው ሰከንድ ለጀመረው የተሰጠ ነው። «12 ሰከንድ አለ» ብሎ የሚሮጠው ብዙ ነው። ቀለም ባይቀባም በአብዛኞቹ ግዛቶች መስቀለኛ መንገድ ራሱ በሕግ ማቋረጫ መሆኑን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

በአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ላይ ደግሞ መሀል አጥሩን ዘሎ የሚሻገረውን «ሥርዓት የሌለው» ማለት ቀላል ነው። የእግረኛ ድልድዩ ሩቅ ነው፤ ደረጃው ለአዛውንትና ሸክም ለያዘ ሰው አይሆንም። ዜብራም ቢኖር ሹፌሩ ብዙ ጊዜ አይቆምም፤ ስለዚህ እግረኛው ሌሎች እስኪሰባሰቡ ጠብቆ በጅምላ ይገባል። ከውጭ ለእረፍት የሚመጣው ሰው ትልቁ አደጋም እዚሁ ነው፦ ዜብራውን አምኖ፣ ሹፌሩን ሳያይ እግሩን ያስገባል። መኪናው ፍጥነቱን ሲቀንስ በዓይን አረጋግጦ መግባት ይሻላል፤ አንዱ ቢቆም እንኳ በጎኑ የሚቀድም ሊኖር ስለሚችል፣ በሁለተኛው መስመር ዳር እንደገና ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል።