ኑ ተናገሩ፣ ግን አጠር አድርጋችሁ

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ላይ "አካል ጉዳተኞች ከክልል ምክር ቤት ተመራጮቻቸው ጋር ይወያያሉ" ተብሎ ተጠራን። እንዲህ ያለውን ስብሰባ ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ ቀጥታ ወደ ምስጋናው ልግባ።

አዳራሹን የመረጠው ሰው እጁ ይባረክ። ሁለተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም! በዚያ ብርድ ሌሊት ከመንዝ ተነስቶ የመጣውን ሰውዬ አራት ጎረምሶች ከነዊልቸሩ ተሸክመው ሲወጡ፣ ካሜራማኑ "አንዴ ቆም በሉልኝ" አላቸው። ደረጃው መሃል ቆሙለት።

እኔን ያስደሰተኝ ግን የመብራቱ ነገር ነው። አቅራቢው ፓወር ፖይንት ይዞ መጥቷል። ስክሪኑ አልታይ ቢለው "መጋረጃ ዝጉ፣ መብራት አጥፉ" አለ። ጠፋ። ጥግ ላይ የቆመችው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚም አብራ ጠፋች። መስማት የተሳናቸው ታዳሚዎች ጨለማው ላይ አፈጠጡ። አንዷ የስልኳን መብራት ወደ አስተርጓሚዋ እጅ ብታበራ "እህቴ፣ ስብሰባ አትረብሺ" ተባለች። ፊት የተቀመጡትን ዓይነ ስውር አባት ደግሞ "ስክሪኑ ላይ እንደሚያዩት፣ አባቴ" አላቸው። ጨዋ ሰው ናቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስላይዱ "አካታችነት" የሚል ነበር አሉ። በመጨረሻ ፈጣሪ ተለመነና የከተማው መብራት ሄደ። መጋረጃው ተከፈተ፣ አስተርጓሚዋ ታየች፣ ሰው ሁሉ ሊሰማ ተዘጋጀ። ይሄኔ ሰብሳቢው ብድግ ብሎ "ማይክ ስለማይሠራ ሻይ እንጠጣ" አይል መሰላችሁ! ሻዩ ደግሞ ታች ነው። ጎረምሶቹ እንደገና ተጠሩ።

ኧረ በሕግ አምላክ! የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ የሕዝብ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀምም፣ እየተራመደ ደረጃ ለሚያቅተውም መግቢያ ይኑረው ካለ ስንት ዓመቱ? የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2002 አጽድቀን የለ? ሰውን እንደ ጆንያ አሸክሞ እያወጡ ስለ መብቱ መደስኮር ነውር ነው። ነውር!

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርኩ። ግማሽ ቀን ያወራው መድረክ ለታዳሚው ሁለት ሁለት ደቂቃ ቸረ። "አጠር አድርጉት፣ ምስጋናውን ዝለሉት" ተባለ፤ የመድረኩን ምስጋና ግን ማንም አልዘለለም። ተመራጩ ለእያንዳንዱ ጥያቄ "በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው" እያለ መዘገበ። በምን እንደመዘገበ አልገባኝም፣ እስክሪብቶው ክዳኑ አልተከፈተም።

የመንዙ ሰውዬ ተራው ሲደርስ ጎረምሶቹ ቀድመው ወደ ታች ይዘውት ወርደው ነበር፤ አውቶቡስ እንዳያመልጠው። ቃለ ጉባኤው "በአዳራሹ ተደራሽነት ላይ የቀረበ ቅሬታ የለም" ይላል።