ኖራውን አትፋቁት

ያገሬ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው የመጣሁት። ግን ቁጣውን ከራሴ ልጀምር። አለዚያ «አንተስ?» ትሉኛላችሁ፤ ብትሉም እውነታችሁን ነው።

የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ለጉብኝት ጎንደር ወሰዱን። ፋሲል ግቢ ገባን። አስጎብኚው ስለ ነገሥታቱ ያወራል፤ እኛ ከኋላ እንሳሳቃለን። እኔና አንድ ጓደኛዬ ጨለምለም ያለ ክፍል ውስጥ ተደብቀን ቀረን። ከኪሴ ምስማር አወጣሁና ግድግዳው ላይ ስሜን ጻፍኩ። ምላሴን አውጥቼ፣ ተጠንቅቄ፣ ፊደል በፊደል። ለፈተና እንኳ እንደዚያ ተጠንቅቄ ጽፌ አላውቅም። ከግድግዳው ነጭ ዱቄት እየረገፈ ጫማዬ ላይ ወደቀ። እግሬን አራገፍኩና ሮጠን ከክፍል ጓደኞቻችን ተቀላቀልን።

ያ ዱቄት ምን እንደሆነ የገባኝ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ኖራ ነበር። ዛሬ የምቆጣውም ስለ ኖራ ነው፤ ነገሩ ትንሽ ቢመስላችሁም ታገሡኝ።

ግንቦቹን ማን ሠራቸው የሚለው ክርክር መቼም አይሰለቸንም። አንዱ ፌስቡክ ላይ የፋሲልን ግንብ ፎቶ ይለጥፋል። ሌላው ሥሩ ገብቶ «ፖርቹጋሎች ናቸው የሠሩት» ይላል። ከዚያ ስድብ ነው። ሦስት መቶ ኮሜንት ቢኖር ሁለት መቶ ዘጠናው ስለ እናት ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከነዚህ ተሳዳቢዎች ስንቱ ጉዛራን አይቶ ያውቃል?

ጉዛራ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ እንፍራንዝ አጠገብ፣ ኮረብታ ላይ ያለ የፈረሰ ቤተ መንግሥት ነው። ባለ ፎቅ ነበር። ክብ ግንቦቹና ቅስት በሮቹ ዛሬም ይታያሉ። ከላይ ሲቆሙ ጣና ከታች ተዘርግቶ ይታያል፤ ቦታውን የመረጠው ንጉሥ ዓይን ነበረው። እኔ የሄድኩት መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ አብረውኝ ከነበሩት መካከል ኮረብታውን ቀና ብሎ ያየ አልነበረም።

ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ ጉዛራን ያሠሩት አፄ ሠርጸ ድንግል ናቸው ይላል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትሳሳቱ።) ሠርጸ ድንግል የነገሡት ከ1563 እስከ 1597 ነው። አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1636 ነው። እንግዲያው ታሪኩ ትክክል ከሆነ ጉዛራ የጎንደር ግንቦች ታላቅ ወንድም ነው። ኢየሱሳውያን የሚባሉት፣ አብዛኞቹ ፖርቹጋሎች የነበሩት የካቶሊክ ካህናት፣ ወደ ፋሲል አባት ወደ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ከመግባታቸውም በፊት የተሠራ ይሆናል ማለት ነው።

ግን አንድ እንቅፋት አለ። እንቅፋቱ ኖራው ነው።

ማኑኤል ደ አልሜይዳ የሚባለው ኢየሱሳዊ ሲጽፍ፣ በዚህ አገር ኖራ የታወቀው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1620ዎቹ መጀመሪያ ነው ይላል። ከሕንድ የመጣ ሰው ነው የኖራውን ድንጋይ ለይቶ ያገኘው ብሎም ይተርካል። የጉዛራ ግድግዳ ደግሞ የተያያዘው በኖራ ነው። ታዲያ እንዴት ነው ነገሩ? ወይ አልሜይዳ ተሳስቷል፣ ወይ ወገኖቹን ከፍ ለማድረግ ትንሽ ጨምሯል፣ ወይ ግንቡ ከሠርጸ ድንግል በኋላ ተሠርቷል፣ ወይም ደግሞ ታድሷል። ሊቃውንቱ እዚህ ላይ ተከራክረዋል። እነሱ ግን አይሰዳደቡም፤ ከፌስቡኩ የሚለዩት በዚህ ነው።

አሁን ወደ ጫማዬ እንመለስ። ኖራ የሚሠራው ድንጋዩን በእንጨት እሳት በማቃጠል ነው። ሲያቃጥሉት የከሰል ፍርፋሪ ይገባበታል። ከአሸዋ ጋር ሲያቦኩትም ፍርፋሪው አብሮ ግድግዳው ውስጥ ይቀራል። ምስር የምታህል ከሰል ከተገኘች ቤተ ሙከራ ገብታ፣ ያ እንጨት የበቀለበትን ዘመን በግምት ትናገራለች። ያን ሁሉ ክርክር ሊያቀና የሚችለው ምስክር፣ እኔ በምስማር ፍቄ ከጫማዬ ላይ ያራገፍኩት ዓይነት ነገር ነው። እኔ አንድ ነበርኩ። እናንተ ስንት ናችሁ?

እስቲ ግድግዳዎቹን ተመልከቱ። «ሰላም እና ቤቲ ለዘላለም»። «የ2009 ተመራቂዎች»። የስልክ ቁጥር። የልብ ሥዕል ከነቀስቱ። ቤቲና ሰላም ዛሬም አብረው ይሆኑ? ይሁንላቸው። ግድግዳው ግን አልተጠየቀም።

ከምስማሩ የባሰም አለ። ቆፋሪዎች ናችሁ። «ወርቅ ተቀብሯል» ብላችሁ ሌሊት አካፋና ዶማ ይዛችሁ የምትወጡ። ማን ነው የነገራችሁ? እነዚያ ነገሥታት ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚጓዙ ነበሩ። ዛሬ እንፍራንዝ፣ ነገ ደንቀዝ፣ ከነገ ወዲያ አዘዞ። ድንኳኑ ሲነሳ ግምጃ ቤቱም ይነሳል። ወርቁን ጥሎላችሁ የሚሄድ ምን ዓይነት ንጉሥ ነው? የባንክ ደብተሩን ቤት አከራዩ ጋ ረስቶ የሚሄድ ተከራይ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

እውነተኞቹ ቆፋሪዎች እንዴት እንደሚሠሩ ልንገራችሁ። ማድሪድ ካለው ከኮምፕሉቴንሴ ዩኒቨርሲቲ የመጡ አርኪዮሎጂስቶች ከ2006 ጀምሮ ለዓመታት በአዘዞ፣ በደንቀዝና በጎርጎራ ሠርተዋል። ደንቀዝ ማለት በ1626 አፄ ሱስንዮስ በፓትርያርኩ በአፎንሶ ሜንዴስ ፊት የሮማን እምነት በአዋጅ የተቀበሉበት ከተማ ነው። አገር በዚያ ምክንያት ተላለቀ። በ1632 ሱስንዮስ ሃይማኖቱን መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ይህን ሁሉ ያየ ቦታ ነው። አርኪዮሎጂስቱ እዚያ ሲቀመጥ መሣሪያው ብሩሽና ትንሽ ማንኪያ መሰል መኮትኮቻ ነው። አፈሩን እንደ እንጀራ ቁልል፣ አንዱን ካንዱ እየለየ ከላይ ወደ ታች ይገልጠዋል። የላይኛው የትናንት ነው፣ የታችኛው የጥንት። የገል ስባሪ ሲያገኝ በየትኛው ንብርብር እንደተገኘ ይጽፋል። የገሉ ዋጋ ያለው እዚያ ጽሑፍ ላይ ነው። ገሉ ብቻውን ገል ነው።

እናንተ በአንድ ሌሊት ጉድጓድ ስትምሱ እንጀራውን ሁሉ ፈትፍታችሁ ነው የምትሄዱት። ወርቅም አላገኛችሁ። እኛም ከዚያ ወዲያ የቱ የማን ዘመን እንደሆነ አናውቅ። ሕጉንም አትርሱ። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ፣ በቁጥር 209/1992 (ይሄኛው በኛ አቆጣጠር ነው)፣ ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው። እርሻ ስታርሱ ድንገት አንድ ነገር ብታገኙ ደግሞ ማመልከት ግዴታ ነው። አታንሱት፣ አታጥቡት፣ ቤት አታስገቡት። በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ንገሩ። የሚሰማ ካጣችሁ ደግማችሁ ንገሩ።

ስለ ድንጋዩም ላንሳ። ኮረብታው ሥር አንድ አዛውንት አጥር አገኘሁ። ከጥቁሩ ድንጋይ መሐል ሁለት ሦስቱ ነጭ ነገር ተለጥፎባቸዋል።

«አባቴ፣ ይሄ ከየት መጣ?» አልኳቸው።

«ከላይ ነዋ ልጄ። ወድቆ ነው ያገኘነው። ዝናብ ከሚበላው አጥሬን ቢይዝልኝ ምን ክፋት አለው?»

መልስ አጣሁ። እሳቸውን ለመቆጣት አፌ አልታዘዘልኝም። በዕድሜ ዘመናቸው እዚያ ኮረብታ የወጣ ባለሥልጣን፣ ፎቶ ተነስቶ ሲወርድ ነው ያዩት። ድንጋዩ ከወደቀበት ቦታ ሳይነሳ ቢቀር፣ የትኛው ቅስት የት እንደነበር፣ ግድግዳው ወደየት እንደፈረሰ እንደሚናገር ማን ነገራቸው? ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም። ያቀለልነው እኛ ነን፣ የተማርን የምንባለው።

ስለዚህ የከተማ ሰዎች፣ ዱላው ወደ እናንተ ይዙር። ቲክቶክ ለመሥራት የፈረሰ ግድግዳ ጫፍ ላይ የምትቆሙ፣ ውረዱ። ያ ግድግዳ ጣሪያ የለውም፤ ክረምት በገባ ቁጥር ውኃ ከላይ ወደ ውስጡ ይወርዳል፣ እናንተ ደግሞ ትጨምሩበታላችሁ። ዋሽንግተንና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ምግብ ቤታችሁ ውስጥ የፋሲልን ግንብ በትልቁ ያሳላችሁ ወገኖቼ፣ ሥዕሉ ያምራል። ለዘመድ ጥየቃ ስትመጡ ግን ልጆቻችሁን ጉዛራ ውሰዷቸው። ደንቀዝ ውሰዷቸው። ጎንደር ከተማ ያለው ፋሲል ግቢ ከ1979 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፤ ዘበኛ አለው፣ ትኬት አለው፣ በቅርቡም ትልቅ እድሳት ተደርጎለታል። ዳር ላይ ያሉት ግን ጠያቂ የላቸውም።

«እንጠግን» የምትሉ ደጎችም አላችሁ። እናንተን ከሁሉ በላይ እፈራችኋለሁ። ኮሚቴ ታቋቁማላችሁ፣ ብር ታዋጣላችሁ፣ ከዚያ ሲሚንቶ ትገዛላችሁ። እባካችሁ! ጣሊያን በወረራው ጊዜ የጎንደርን ግንቦች በሲሚንቶና በብረት ኮንክሪት ጠጋግኖ ነበር። በኋላ ያንን እያነሱ በኖራ መተካት ግድ ሆነ። ኖራ ይተነፍሳል። ግድግዳው ውስጥ የገባው እርጥበት በኖራው በኩል ይወጣል። ሲሚንቶ አፍኖ ይይዘዋል፤ እርጥበቱም መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን ራሱን ይበላዋል። ብር ካላችሁ ኖራ የሚያቦካ ባለሙያ ፈልጉ። ካላገኛችሁ ብሩን አስቀምጡት።

ወደ ክርክሩ ልመለስ፤ ሳልጨርሰው እንቅልፍ አይወስደኝም። «ፖርቹጋል ሠራው» የምትሉ ሰዎች፣ አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ከአገር ያባረሩት ጎንደርን ከመቆርቆራቸው በፊት ነው። ከየመን የመጣው መልእክተኛ አል ሐይሚ በ1648 ቤተ መንግሥቱን አይቶ፣ የሠራው ሕንዳዊ ግንበኛ ነው ብሏል። «ማንም አልረዳንም፣ ብቻችንን ነው የሠራነው» የምትሉትም ዝም በሉ። ድንጋይ የጠረቡ፣ እንጨት ያለዘቡ፣ ኖራ ያቃጠሉ እጆች ብዙ ናቸው። ቤተ እስራኤል በጎንደር በግንበኝነትና በአናጢነት የታወቁ ነበሩ፤ ዛሬ እስራኤል ያላችሁ ወገኖቻችን፣ ያ ግድግዳ የአያቶቻችሁ ላብ ያለበት ነው። እናንተም ከዚህ ቁጣ ድርሻ አላችሁ፤ ዝም ብላችሁ አትዩን። ደግሞስ ቤታችሁን ጎበዝ ግንበኛ ቢሠራላችሁ ቤቱ የግንበኛው ይሆናል? ያሰበው፣ ያዘዘው፣ የከፈለበት፣ የኖረበት ማን ነው?

ይህንን ሁሉ የማውቀው ድንጋዩና ኖራው ስላሉ ነው። ግንቦቹን በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ አናጋቸው፣ በ1888 ደርቡሽ ከተማውን አቃጠለ፣ በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። ለነዚያ የጠላት ስም አለን። ለምስማሩ ግን ስሙን ራሳችን እንጽፍበታለን።

ከጉዛራ ልወርድ ስል አንድ ልጅ ተከተለኝ። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። እጁ ላይ ሹል ድንጋይ ይዟል።

«ጋሼ፣ ስምህን ልጻፍልህ? ለሁሉም ነው የምጽፍላቸው። አሥር ብር።»

ጽሕፈቱን አሳየኝ። ከኔ የስምንተኛ ክፍል ጽሕፈት በጣም ያምራል። ሃያ ብር ሰጠሁትና፣ አትጻፍ አልኩት። ድንጋዩንም ተቀበልኩት፤ ለሚቀጥለው እንግዳ እንዳይጽፍበት ብዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። በራሴ ኮርቼ እያፏጨሁ ቁልቁለቱን ወረድኩ።

አስፋልቱ ዳር ሚኒባስ እየጠበቅሁ አወጣሁና አየሁት። በአንድ በኩል ነጭ ነገር አለበት። በጥፍሬ ነካ አደረግሁት፤ ዱቄት ሆነ።

ዳገቱን እንደገና ወጣሁ። ልጁ እዚያው ነበር፣ ሌላ ድንጋይ ይዟል።

«ይሄን ከየት ነው ያነሳኸው?»

ዙሪያውን አየ። ወደ ምሥራቁ ግድግዳ ጠቆመ። ትንሽ አሰበና ወደ ሌላኛው ጠቆመ።

«ረሳሁት ጋሼ» አለኝ።