ተራዋ ነው፣ ተዉአት!

በጣም ነው የተናደድኩት። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጓደኛችን ቤት ተሰብስበን ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለውን፣ እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ገጸ ባሕሪ ሚና ይዞ አብረን ታሪክ የምንፈጥርበትን ጨዋታ እንጫወታለን። ታሪኩን የምመራው እኔ ነኝ። ግማሾቹ ለዓመታት የተጫወቱ ናቸው። ሌሎቹ ባለ 20 ገጹን ዳይስ ገና መያዛቸው ነው።

ችግሩ አዲሶቹ አይደሉም፤ ነባሮቹ ናቸው! አንዷ ጀማሪ ዳይሷን በመዳፏ ይዛ እያሰበች ነው። ታሪኩ ውስጥ የገጠማትን ጎብሊን፣ ያንን ትንሽ ክፉ ፍጡር፣ ልታናግረው ፈልጋለች። ምን እንደምትለው ለመስማት ጓጉቻለሁ። አፏን ሳትከፍት አንዱ ጣልቃ ገባ፦ «ኧረ ምን ወሬ ያስፈልጋል፣ በቀስት በይው!» ሌላው የገጸ ባሕሪዋ ችሎታ በቁጥር የተጻፈበትን ወረቀቷን ስቦ ቁጥሩን ራሱ ደመረላት። ወረወረች፤ 17 መጣ። ጎብሊኑ ወደቀ። ፊቷ ላይ ግን ምንም ደስታ የለም። የሌላ ሰው ውሳኔ ነዋ የወረወረችው!

ይህ ጨዋታ እኮ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1974 ከወጣ ጀምሮ ዋናው ነገሩ ይሄው ነው። ገጸ ባሕሪሽ ምን እንደምታደርግ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ዳይሱ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ደንቡ እንደሆነ ቀስ በቀስ ይለመዳል።

ደግሞስ የአዲሶቹ ሐሳብ! የተዘጋ በር ሲያዩ ነባሮቹ መስበር ብቻ ነው የሚታያቸው። ባለፈው አንዱ ጀማሪ አንኳኳ። በቃ፣ አንኳኳ! ከዚያች ማንኳኳት የወጣው ታሪክ ማታውን ሙሉ አጫወተን።

እባካችሁ፣ ካልጠየቀቻችሁ አትንገሯት። ሰው ከጠረጴዛዬ እንዲህ ከፍቶት ሲነሳ ማየት ሰልችቶኛል።