ከአዱሊስ እስከ አክሱም ስንት ቀን ነው?

በ6ኛው መቶ ዓመት ከአዱሊስ ተነስቶ አክሱም ለመድረስ ስንት ቀን ይፈጅ ነበር? የምሥራቅ ሮም ታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮፒየስ 12 ቀን ይላል። በዚያው ዘመን የኖረው ኖኖሰስ ደግሞ 15 ቀን።

የሦስት ቀን ልዩነት ነው፣ ምን ያካብዳል ትሉ ይሆናል። እኔ ግን በዚህች ልዩነት ሁለቱን ሰዎች ለይቼ አያለሁ። ኖኖሰስ የንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ መልእክተኛ ሆኖ እዚህ ድረስ መጥቷል። መንገዱን ሄዶበታል። መሃል ላይ አዌ በምትባል ቦታ 5,000 የሚሆኑ ዝሆኖች ተሰማርተው ማየቱንም ጽፏል። ፕሮኮፒየስ በበኩሉ ኢትዮጵያን እንደረገጠ የሚያሳይ ምንም ነገር የለም። የጻፈው ሰምቶ ነው።

ክፋቱ፣ የኖኖሰስ መጽሐፍ ጠፍቷል። ዛሬ የምናውቀው የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ፎጥዮስ በ9ኛው መቶ ዓመት አንብቦት በጻፋት አጭር ማጠቃለያ ብቻ ነው። የሄደበት ሰው መጽሐፍ ጠፋ፣ የሰማው ሰው መጽሐፍ ተረፈ።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ፌስቡክ ላይ በየጊዜው የሚዞር አንድ ዓይነት ፖስት አለ። የአክሱም ሐውልት ፎቶ ይለጠፍና ከሥሩ የሮማ ታሪክ ጸሐፊዎች ሳይቀሩ ስለ ታላቅነታችን መሰከሩ ይባላል። ከዚያ ሼር፣ ከዚያ ጭብጨባ። በሌላ በኩል ደግሞ እነዚህ ሰዎች ተረት ፈጣሪዎች ናቸው፣ አይታመኑም የሚል አለ። ሁለቱም ወገን አንድ ነገር ይረሳል። ምስክር ችሎት ፊት ሲቆም መጀመሪያ የሚጠየቀው «አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ?» ተብሎ ነው።

እስቲ ፕሮኮፒየስን እንጠይቀው። የፍልስጥኤም ቄሳርያ ሰው ነው። ከ527 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታላቁ ጦር አዛዥ የቤሊሳርዮስ የሕግ አማካሪ ነበር። ጦር ሜዳ ውሏል፣ ካርታጎና ጣልያን ዘምቷል። በ542 ቸነፈሩ ቁስጥንጥንያ ሲገባም እዚያው ነበረ። በብሽሽትና በብብት ስለሚወጣው እብጠት የጻፈው በጣም ትክክል ነው። በዘመናችን ባቫርያ ውስጥ ከ6ኛው መቶ ዓመት መቃብሮች በተገኘ አጥንት ላይ የቸነፈሩ ባክቴሪያ ዘረመል ተገኝቷል። በቀን 10,000 ሰው ይሞት ነበር ማለቱ ግን ሌላ ነገር ነው። እብጠት በዓይን ይታያል። ሬሳ በ10,000 ሲቆጠር ግን የአንድ ሰው ዓይን አይበቃም።

ይኸው ሰው ደግሞ ሦስት ምላስ ነበረው። በ«ጦርነቶች» መጽሐፉ ቁጥብ ነው። በ«ሕንፃዎች» ዩስቲንያኖስን አዝማሪ እንኳ በማይደፍረው መጠን ያወድሰዋል። «ምስጢራዊው ታሪክ» በሚባለው ደግሞ ያው ንጉሥ ሰይጣን ነው፤ ሌሊት ቤተ መንግሥቱ ውስጥ አንገቱ ላይ ጭንቅላት ሳይኖር ሲዘዋወር ታየ ይላል። ይህ መጽሐፍ በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ተገኝቶ የታተመው በ1623 ነው። የትኛው ነው እውነተኛው ፕሮኮፒየስ? እኔ ሦስቱም ነው ባይ ነኝ። አለቃውን በአደባባይ ሲያመሰግን ውሎ ማታ ቤቱ ገብቶ የሚራገም ሰው አይታችሁ አታውቁም?

ስለ እኛ የጻፈውንም በዚሁ ዓይን ማየት ነው። ዩስቲንያኖስ ወደ ንጉሥ ካሌብ መልእክተኛ ልኮ፣ ኢትዮጵያውያን ሐር ከሕንድ ገዝተው ለሮም እንዲሸጡ ጠየቀ ይላል። ሐሳቡ ፋርሶችን ከንግዱ ማስወጣት ነበር። አልተሳካም። የፋርስ ነጋዴዎች የሕንድ መርከቦች የሚያርፉባቸውን ወደቦች ስለያዙ ጭነቱን ጠቅልለው ይገዙት ነበር። ይህ በመንግሥት መልእክተኞች በኩል የመጣ ዜና ይመስላል፣ ጥሩ ዜና ነው። ቀጥሎ ግን መርከቦቻችን ለምን በሚስማር ሳይሆን በገመድ እንደሚሰፉ ሊያስረዳ ይነሳል። ባሕሩ ውስጥ ብረት የሚስብ ድንጋይ አለ የሚለውን ወሬ አይቀበልም፣ ይመስገነው። የራሱ መልስ ግን ኢትዮጵያውያንም ሕንዶችም ብረት የላቸውም የሚል ነው። ሮማውያን እንዳይሸጡላቸው በሞት የሚያስቀጣ ሕግ አለ አለ።

ብረት የላቸውም? በዚያው ዘመን አዱሊስ የነበረው የእስክንድርያ ነጋዴ ቆስማስ፣ የአክሱም ሰዎች ሳሱ ወደሚባል አገር ከብት፣ ጨውና ብረት ወስደው በወርቅ እንደሚለውጡ ጽፏል። ቁስጥንጥንያ ተቀምጦ የገመተው ሰው ተሳሳተ። ገበያ ላይ የቆመው ነጋዴ አወቀ።

ቆስማስ ደግሞ የሚገርም ሰው ነው። ምድር ክብ ናት የሚሉትን ይሳለቅባቸዋል። ለእሱ ዓለም እንደ ሙሴ ደብተራ ያለ፣ ክዳን ያለው ሣጥን ናት። በዚህ የተነሳ ሰው ሲስቅበት ኖሯል። ይሁን እንጂ ካሌብ ወደ የመኑ የሂምያር መንግሥት ለመዝመት ሲዘጋጅ፣ በ525 አካባቢ፣ አዱሊስ በአንድ ዙፋንና በአንድ ሐውልት ላይ የነበረውን የግሪክኛ ጽሑፍ እንዲገለብጥ ታዘዘና ሜናስ ከሚባል ሌላ ነጋዴ ጋር ገለበጠው። ዙፋኑም ሐውልቱም ዛሬ የሉም። ጽሑፉ የተረፈው በእሱ እጅ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ስቷል። በሐውልቱ ላይ ያለው የግብፁ የበጥሊሞስ ሦስተኛው ነው፤ በዙፋኑ ላይ ያለው ደግሞ ስሙ ያልተገለጠ የአክሱም ንጉሥ ነው። ቆስማስ ሁለቱን አንድ ጽሑፍ አድርጎ ለበጥሊሞስ ሰጠው። ግን ቃሉን አልነካም። ስለገለበጠ ነው እንግዲህ ዛሬ ስህተቱን ራሱን ማየት የቻልነው።

ሌላው የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ፣ የአንጾኪያው ዮሐንስ ማላላስ፣ የሚጠቀሰው የአክሱሙ ንጉሥ በአራት ዝሆኖች ላይ ቆሞ፣ በወርቅና በዕንቍ አጊጦ የሮምን መልእክተኛ ሲቀበል ላሳየበት ገጽ ነው። ሥዕሉ ከመልእክተኛው ዘገባ የመጣ ስለሆነ ያምራል። ያው መጽሐፍ ግን አክሱማውያንን ሕንዶች ይላቸዋል። በዩስቲንያኖስ ዘመን አንዳስ የሚባል ንጉሣቸው ጦርነት ካሸነፍኩ ክርስቲያን እሆናለሁ ብሎ ተሳለ፣ አሸንፎም ተጠመቀ ይላል። የዒዛና ገንዘብ ላይ በ4ኛው መቶ ዓመት መስቀል ተቀርጿል! ሁለት መቶ ዓመት የሚጠጋ ስህተት ነው። ዝሆኖቹን ሼር የሚያደርግ ሰው ይህችን ዘልሎ ነው።

እነዚህን ሁሉ በሰው ቋንቋ እየለቀምን፣ እኛ እጅ ያለውን ግን ዞር ብለን አናየውም። የኒቅዩሱን ዮሐንስ ማለቴ ነው፣ በእኛ ሊቃውንት ዘንድ ዮሐንስ መደብር የሚባለውን። በ7ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በግብፅ የኒቅዩስ ከተማ ጳጳስ ነበረ። መደብር ያሰኘው የገዳማት ኃላፊነቱ ነው። ሹመቱ ግን አልዘለቀለትም። ድንግል የደፈረ መነኩሴ አስገርፎ፣ መነኩሴው በ10ኛው ቀን ስለሞተ ጳጳሳቱ ሻሩት።

ያስቀረልን መጽሐፍ ከአዳም ጀምሮ አረቦች ግብፅን እስከያዙበት ይዘልቃል። መጀመሪያ የተጻፈበት የለም፣ የአረብኛው ትርጉምም የለም። ያለው ግዕዙ ብቻ ነው። በ1602 ንግሥት ማርያም ሥናና የጦር አዛዡ አትናቴዎስ አዘው፣ ገብርኤል የሚባል ግብፃዊ መነኩሴ የተሳተፈበት ትርጉም። ፈረንሳዊው ዞተንበርግ በ1883 ሲያሳትመው የምሥራቅ ሮም ታሪክ ተመራማሪዎች ወደ ግዕዝ ዞሩ። ግብፅ ስለተያዘችበት ጊዜ ከዚህ የቀረበ ሰፊ የታሪክ ጽሑፍ የላቸውምና።

እሱንም እንደ ሌሎቹ እንጠይቀው። ግብፅን የያዘው የአረቦች ጦር አዛዥ አምር ኢብን አል-ዓስ ግብር ቢያከብድም የአብያተ ክርስቲያናትን ንብረት አልነካም ይላል። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ኒቅዩስ ላይ የተፈጸመውን እልቂትም አልደበቀም። የራሱ ከተማ ናት። የሮማውያንን ሽንፈት ጥፋት ግን የሚጥለው በንጉሣቸው በሕርቃል ላይ ነው፤ በእስክንድርያው ፓትርያርክ በቂሮስ እጅ ተዋሕዶዎችን ስላሳደደ ነው ይላል። ይህ የተገፋ ወገን ድምፅ ነው። ግሪኮቹ ከሚነግሩን የተለየ ስለሆነ ይጠቅመናል።

ስለ እስክንድርያዋ ፈላስፋ ሂፓትያ ሲጽፍ ግን ይጨክናል። በ415 ሕዝብ ገደላት። የቁስጥንጥንያው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሶቅራጥስ ገና በዚያው ትውልድ ሳለ ዕውቀቷን አድንቆ፣ ግድያው ለፓትርያርኩ ለቄርሎስና ለእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ትልቅ ነቀፋ አመጣ ብሏል። ዮሐንስ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሲጽፍ ጠንቋይ ናት አለ። ሕዝቡም ቄርሎስን፣ ከእሱ በፊት በነበረው ፓትርያርክ ስም፣ አዲሱ ቴዎፍሎስ ብሎ እንደጠራው በደስታ ይተርካል። ለቅዱሱ ያለን ክብር ሁለቱን ጎን ለጎን ከማንበብ ሊያግደን አይገባም። ሁለቱም ክርስቲያኖች ናቸው። አንደኛው አፍሯል፣ ሌላው ኮርቷል።

እንግዲህ ግዕዝ የሚያውቁ ወጣቶቻችን እጃቸው ላይ ያለው ይህ ነው። ስሞቹ ከአረብኛ ሲያልፉ ተጣመዋል፤ አንዳንዱን ለማወቅ ግሪክኛውንም አረብኛውንም መገመት ይጠይቃል። ይህን ሥራ ለምን ሁልጊዜ ለፓሪስና ለለንደን እንተዋለን? ከ610 አካባቢ እስከ ወረራው ድረስ ሠላሳ የሚሆን ዓመት ከመጽሐፉ ወድቋል። ፋርሶች ግብፅን የያዙበት፣ ሕርቃል ያስመለሰበት ዘመን ነው። ቅጠሎቹ የወደቁት አረብኛው ላይ ይሁን ግዕዙ ላይ፣ መልሱ ያለው ቅጂዎቹ ውስጥ ነው። የየገዳሙ ዕቃ ቤት ገና ተበርብሮ አላለቀም።