እርማት፦ የሙከራ ቀን ፍሰት በ365 አይባዛም

አዲስ አበባ ሜክሲኮ አካባቢ ስላለው የቤንዚን ሰልፍ በተለጠፈው ፎቶ ስር አንድ ሒሳብ ሲዞር አየሁ። በሰኔ 2010 በሶማሌ ክልል የድፍድፍ ነዳጅ የሙከራ ምርት ሲጀመር የተነገረውን በቀን 450 በርሜል በ365 አባዝቶ «ይኸው የዓመት ምርታችን» ይላል። ቁጭቱ ይገባኛል፤ ሰልፉን እኔም አውቀዋለሁ። ስሌቱ ግን ልክ አይደለም።

ጉድጓድ እንደተከፈተ የሚፈሰው በቅርብ ያለው ዘይት ነው። ዘይቱን የሚገፋው የዐለቱ ግፊት መቀነስ ገና ወደ ዳር አልደረሰም። ስለዚህ ፍሰቱ መጀመሪያ ይበረታል፣ ከዚያ ይወርዳል። ተረጋጋ የሚባለው የግፊቱ ቅናሽ ዘይት ያዘለውን ዐለት ዳርቻ ሲነካ ነው። ዘይት በቀላሉ በሚያሳልፍ ዐለት ይህ በሰዓታት ወይም በቀናት ያልቃል። ጥቅጥቅ ባለው ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ከተረጋጋ በኋላም ቢሆን የዐለቱ ግፊት እየደከመ ሲሄድ ምርቱ ይቀንሳል።

ማጣራት ቀላል ነው። የቀኑን በርሜል በግፊት ልዩነቱ ያካፍሉ፤ ማለትም በዐለቱ አማካይ ግፊትና ዘይቱ እየፈሰሰ ጉድጓዱ ስር በሚለካው ግፊት መካከል ባለው ልዩነት። 500 በርሜል በ500 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ልዩነት ከመጣ መልሱ 1 ነው። ይህ ቁጥር በየቀኑ እየወረደ ከሆነ ፍሰቱ አልተረጋጋም። መውረዱን ሲያቆም ስለ ጉድጓዱ አቅም ማውራት ይቻላል። ዜናው በርሜሉን ብቻ ከነገረን፣ ሙከራው ምን ያህል ቆየ? ግፊቱስ ስንት ነበር? ብለን እንጠይቅ።

በመጀመሪያ ቀን ቁጥር የታቀደ ቧንቧና ታንከር ከሚመጣው ዘይት በላይ ይሆናል፤ ለግንባታው የተወሰደው ብድር ግን አይቀንስም።